ጥቅስ ሲያጥር፦ የቦታ ጥበት ወይስ ወገንተኝነት?

አንባቢው፦ አንዱን ንግግር ሁለት ሚዲያዎች የተለያየ ቦታ ላይ ይቆርጡታል። ተንኮሉን በምን እንለየው?

የማታ ኤዲተር፦ ማጠሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። በአሜሪካ የምርጫ ዜናዎች የተወዳዳሪ ያልተቋረጠ ንግግር በ1968 በአማካይ 43 ሰከንድ ነበር፤ በ1988 9 ሰከንድ ገባ (በፈረንጆቹ)። የሚታየው የወደቀው ነገር ነው፦ “ምናልባት”፣ “ግን”፣ የጋዜጠኛው ጥያቄ። በአማርኛ “ከሆነ” የሚለው ብዙ ጊዜ ከፊት ስለሚመጣ ፊቱን የቆረጠ ቅድመ ሁኔታውን ይጥላል፤ ማስጠንቀቂያ የነበረው ዛቻ ይሆናል።

ድምፅ ቆራጭ፦ ከመቁረጥ የከፋው መገጣጠም ነው። ፓኖራማ የተባለው የቢቢሲ የምርመራ ፕሮግራም በ2024 ትራምፕ፣ ደጋፊዎቻቸው የአሜሪካን ምክር ቤት በወረሩበት ቀን፣ ጃንዋሪ 6፣ 2021 ካደረጉት ንግግር ከ50 ደቂቃ በላይ የተራራቁ ሁለት ቦታዎችን እንደ አንድ አስተላለፈ፤ “በሰላም” ያሉበት ክፍል ቀረ። ጉዳዩ ሲወጣ፣ በኖቬምበር 2025፣ ዋና ዳይሬክተሩ ቲም ዴቪና የዜና ኃላፊዋ ዴቦራ ተርነስ ሥራቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ። በጽሑፍ ሦስት ነጥብ መቁረጡን ያሳያል። በቪዲዮ ግን ምስሉ ድንገት ወደ ሕዝቡ ዞሮ ሲመለስ ጠርጥሩ፤ መጋጠሚያው ብዙ ጊዜ እዚያ ሥር ነው።

አንባቢው፦ ታዲያ አንድ ጥፋት ወገንተኛ ያሰኛል?

የማታ ኤዲተር፦ አያሰኝም። መጀመሪያ ከዜና ወኪል ተቆርጦ የመጣ መሆኑን እዩ፤ ያኔ አሥር ጋዜጣ ላይ አንድ ዓይነት ጉድለት ታገኛላችሁ። ቀጥሎ የሁለቱንም ወገን ጥቅሶች ከሙሉ ቅጂው ጋር አስተያዩ። የአንዱ ወገን ማብራሪያ ብቻ ደጋግሞ የሚወድቅ ከሆነ ችኮላ ነው ማለት ይከብዳል።