የእንጦጦ ፓርክ የጋራ ሐሳባችን፦ ባህር ዛፉን በምን እንተካው?

የማህበሩ ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ለፓርኩ አስተዳደር የምናቀርበውን ሐሳብ መጻፍ ጀምሬአለሁ። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም ሲከፈት መንገዱ፣ የብስክሌቱና የፈረሱ መስመር፣ ምግብ ቤቶቹ ተሠሩ። ጫካው ግን ዛሬም በአብዛኛው ባህር ዛፍ ነው። ስለዚህ ከሽሮ ሜዳ በላይ ላለው ተዳፋት «ባህር ዛፉ ተነስቶ ጽድና ወይራ ይተከል» ብዬ አስቀምጫለሁ። በነፃነት አርሙኝ።

የታሪክ መምህሩ፦ ሐሳቡን እደግፋለሁ። መግቢያው ላይ ግን ባህር ዛፍን እንደ ወራሪ ጠላት ባንጽፈው ደስ ይለኛል። እንጦጦን ያራቆተው እሱ አይደለም። ምኒልክ ከተማቸውን እዚያ ሲቆረቁሩ የነበረው ጽድ ለቤት፣ ለአጥርና ለማገዶ አለቀ። በ1882 ዓ.ም እንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ኑሮው ወደ ፍል ውሃ መውረድ ጀምሮ ነበር። አዲስ አበባም ስትሰፋ የእንጨት ችግሩ ተከትሏት ወረደ። ንጉሡ ከተማዋን ትተው ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ግንባታ አስጀምረዋል። ቶሎ የሚያድገው ባህር ዛፍ ባይደርስላት ኖሮ ዋና ከተማችን ዛሬ ሌላ ቦታ ትሆን ነበር። ይህ ታሪክ በሐሳባችን መጀመሪያ ላይ ይግባ። ጥቂቱ የባህር ዛፍ ክፍልም ለታሪኩ ሲባል ይቆይ፤ ቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ አጠር ያለ ጽሑፍ ያለው ሰሌዳ ቢቆምለት ጎብኚው የቆመበትን ያውቃል።

የደን ባለሙያዋ፦ ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔን ያሳሰበኝ «ተነስቶ» የሚለው ቃል ነው። ያንን ተዳፋት በአንዴ ብንመነጥረው በመጀመሪያው ክረምት አፈሩ ተጠርጎ ቀበና ወንዝ ውስጥ ይገባል። ደግሞም ባህር ዛፍ ቆረጡት ማለት አጠፉት ማለት አይደለም። ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ቀንበጡን በየጊዜው የሚያነሳ ሰው ከሌለ ከበፊቱ ጠንክሮ ይመጣል።

የሚያዋጣው ማሳሳት ነው። በመጀመሪያው ዙር ጥቂቱ ይቆረጣል፣ ክፍተቱ ላይ ችግኝ ይገባል። የቀረው ዛፍ ለችግኙ ከውርጭና ከንፋስ መከታ ይሆነዋል። ችግኙ ሲጠነክር ሁለተኛው ዙር ይከተላል። ዝርያውም በከፍታው ይወሰን። አናቱ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ ኮሶ፣ ጽድና አስታ ይሻላሉ። ወይራውን ዝቅ አድርገን እንትከለው።

ከሁሉም በላይ በጋውን አስቡት። በሐምሌ የሚተክል ሰው ሞልቷል፣ በጥር ውሃ የሚያጠጣ ግን የለም። ብዙ ችግኝ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው።

ከሽሮ ሜዳ፣ እናት አባል፦ ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብኩት። ቅጠል የሚጠርጉት፣ ጭራሮ የሚለቅሙት ሴቶች ግን አንድም ቦታ አልተነሱም። እኔም ያንን ሸክም ተሸክሜ ልጅ አሳድጌበታለሁ። ጀርባ ይሰብራል፣ ከጥበቃ ጋር ያጣላል፣ ይነጥቁናል። እንጀራው የሚጋገረው ግን በዚያ ቅጠል ነው። ዛፉን ስትቀንሱ የእነሱ ጉሮሮ እንዳይዘጋ። በጥር የሚያጠጣ ጠፋ አላችሁ፤ ያንን ተራራ ከእነዚህ ሴቶች በላይ ማን ያውቀዋል? ደሞዝ ይከፈላቸውና ያጠጡ።

ወጣት አባል፦ እማማ ልክ ነዎት። እኔ የምፈራው ሐሳባችን በዝቶ እንዳይገፋብን ነው። የሥራውን ጉዳይ ለብቻ በሌላ ደብዳቤ ብናቀርበውስ?

የደን ባለሙያዋ፦ አይለያይም ወንድሜ። የሚንከባከብ ሰው ከሌለ ደኑ አይመለስም። ሴቶቹ ካልተካተቱ ደግሞ አዲሱ ችግኝ ራሱ ነገ ማገዶ ይሆናል፤ ሌላ ምርጫ ከሌላቸው ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም። ገንዘቡም ከዚያው ይጀምራል። በማሳሳት የሚወጣው እንጨት ለግንባታ አጣና ይሸጣል፣ ቅርንጫፉና ቅጠሉ ለሴቶቹ በሕጋዊ መንገድ ይሰጣል።

ወጣት አባል፦ አሳመንሽኝ። በአንድ ላይ ይሂድ።

የታሪክ መምህሩ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ከፓርኩ በፊትም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማህበር እንጦጦ ላይ አገር በቀል ዛፍ ሲተክል ቆይቷል። ከዜሮ እንደጀመርን አድርገን አንጻፍ። የጸደቀላቸውንና ያልጸደቀላቸውን እንጠይቃቸው።

የማህበሩ ጸሐፊ፦ እናመሰግናለን። የተሻሻለው ዋና አንቀጽ ይህ ነው፦

«ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው ባህር ዛፍ በየዙሩ እየሳሳ፣ ክፍተቱ እንደየከፍታው በኮሶ፣ በጽድ፣ በአስታና በወይራ እንዲተካ፤ ቀንበጥ የማንሳቱ፣ የማጠጣቱና የመጠበቁ ሥራ ዓመቱን ሙሉ በክፍያ በአካባቢው እንጨት ለቃሚ ሴቶች እንዲሠራ፤ ከማሳሳቱ የሚገኘው ቅርንጫፍና ቅጠል ለእነሱ እንዲሰጥ፤ ታሪካዊው የባህር ዛፍ ክፍል ተለይቶ እንዲቆይ እንጠይቃለን።»

ለችግኝ ምንጭ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን እናነጋግራለን። የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ስለሆነ ባለሙያም ችግኝም እዚያ አለ። እማማ፣ ሴቶቹን ሰብስበው የሚፈልጉትን የሥራ ሰዓትና ክፍያ ከራሳቸው አንደበት ቢያመጡልን? ያለ እነሱ ቃል ደብዳቤውን አላስገባም።

ከሽሮ ሜዳ፣ እናት አባል፦ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እሰበስባቸዋለሁ። አንተም ና፣ ራስህ ጻፈው።