መንገድ ዳር ያገኘኋት ሴይኮ 5፦ ልግዛት ወይስ ይቅርብኝ?

ናቲ ከኮዬ
ሰላም የሰዓት ወዳጆች። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፣ ሥራዬ ቃሊቲ። እዚያ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሰሪ አሉ፤ ታክሲ ስጠብቅ እሳቸው ጋ መቆም ልማድ ሆኖብኛል። ሰኞ ከመሳቢያቸው አንዲት ሴይኮ 5 አወጡልኝ። ፊቷ ብርቱካናማ ነው፣ ቦግ ያለ፣ ዛሬ ከፋብሪካ የወጣች ነው የምትመስለው። የጀርባ ክዳኗ ግን ተፋፍቆ አልቋል፤ 7009 የሚለው ቁጥር ብቻ በደንብ ይነበባል። ፊቷ ላይ «21 ጄውልስ» ይላል። 4,500 ብር አሉኝ።

«እስከ ሐሙስ አድርገህ ሞክራት» ብለው ያለ መያዣ ሰጡኝ (እንዲህ ዓይነት ሰው አሁንም አለ)። ሁለት ነገር ግራ አጋባኝ። ማታ አውልቄ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኳት ጠዋት ቆማ ነው የማገኛት። ማዞሪያዋን ባዞር ባዞር አልሞላ አለችኝ። ሌላው፣ ቀኗ የምትቀየረው ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። ከሥራ ስወጣ እሷ ነገ ገብታለች። ተበላሽታ ነው? ደግሞስ ቆይቼ ብሸጣት ታተርፈኛለች?

ባለ ጉጉት
ናቲ ወንድሜ፣ ፎቶ ባትለጥፍም ነገሩ ከጽሑፍህ ይታየኛል። ፊቷ ተቀብቷል። ሕንድ አገር የድሮ ሴይኮ ፈታትተው፣ ፊቱን በደማቅ ቀለም እንደ አዲስ ቀብተው፣ ጽሑፍ አትመውበት የሚሸጡ በሽ ናቸው። 7009 የማሽኗ ዓይነት ነው፣ እኔ የማውቀው ደግሞ ባለ 17 ጄውል ነው (ጄውል ማለት ማሽኑ ውስጥ ዘንጎቹ የሚዞሩባቸው ጥቃቅን ድንጋዮች ናቸው)። ያንቺ፣ ይቅርታ ያንተ፣ ፊቷ 21 ካለ አንዱ ከሌላ ሰዓት መጥቷል ወይም ቀቢው የመሰለውን ጽፏል። አጉልቶ የሚያሳይ መስታወት ከሽማግሌው ተዋስና ከ6 ቁጥር በታች ያሉትን ጥቃቅን ፊደሎች እያቸው። የፋብሪካ ጽሑፍ ጠርዙ ስል ነው። የተቀባው ፈሰስ ይላል፣ ወይም ጭራሹን የለም።

ማዞሪያዋን ተዋት፣ 7009 በእጅ አይሞላም። ውስጧ ግማሽ ክብ ክብደት አለ፣ እጅህ ሲወዛወዝ እሱ እየዞረ ነው የሚሞላት። ቀን ሙሉ አድርገሃት ሌሊቱን ካላደረች ግን ዘይቷ ደርቋል ማለት ነው፣ መታጠብ አለባት። ደህና የሆነች ሴይኮ አውልቀህ ብታስቀምጣት ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ትሄዳለች።

ጋሽ ቮስቶክ
ልጆች፣ ሰዓት ሲገዛ መጀመሪያ ማሽኑ ነው የሚታየው። እኔ ሰንዳፋ ነኝ፣ እጄ ላይ ያለችውን ቮስቶክ ታላቅ ወንድሜ ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ሲመጣ ነው ያመጣልኝ፣ በደርግ ጊዜ። አምፊቢያ ትባላለች። ሞዴሉ የወጣው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው፣ ቺስቶፖል የሚባል ከተማ። ብልሃቷ ክዳኗ ላይ ነው፦ ውኃው በተጫናት ቁጥር ክዳኑ ጎማው ላይ ይበልጥ ይጠብቃል። 200 ሜትር ተብሎ ነው የተሠራው። የእኔዋ ከባልዲ በላይ ጠልቃ አታውቅም፣ ያው።

ቮስቶክ ካጋጠማችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማዞሪያዋ ሲፈታ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ልትወልቅ ነው የሚያስብል። አንድ ሰዓት ሰሪ «ተሰብሯል» ብሎ ብር ሊቀበለኝ ነበር። አልተሰበረም! ሲመታ ዘንጉ እንዳይጎዳ ብለው ልቅ አድርገው ነው የሠሩት።

ማትረፉን እርሳው ልጄ። ሴይኮ 5 ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ሰው ተብሎ ሲመረት የኖረ ሰዓት ነው። የጃንሆይ ናት የተባለችው የስዊስ ሰዓት፣ ፓቴክ ፊሊፕ፣ ሌላ ታሪክ ናት። እሷን እንኳ ክሪስቲስ የሚባለው አጫራች ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ሊያጫርታት ብሎ፣ የባለቤትነት ጥያቄ ሲነሳ ከጨረታው አወጣት። አንተ ለእጅህ ግዛ።

ሜሪ ዘ ሰበታ
የቀኑን ነገር ማንም አልመለሰለትም እኮ 😂 ናቲ፣ ምንም አልተበላሸም። ሰዓቷ በሀበሻ አቆጣጠር ስለተስተካከለች ነው። ቀን የሚለውጠው ጥርስ በ24 ሰዓት አንዴ ነው የሚዞረው፣ ጠቋሚዎቹ ግን ሁለቴ 12 ላይ ይደርሳሉ። ያንተ የተሳሳተው 12 ላይ ደርሳለች። ጠቋሚዎቹን 12 ሰዓት ሙሉ ወደፊት አዙራቸው፣ ከዚያ ቀኑ ጠዋት 12 ላይ ይቀየራል። ለእኛ እንዲያውም ይሻላል፣ ቀናችን የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ አይደል? ፈረንጅ ተኝቶ ነው የሚቀየርበት።

ጥንቃቄው ግን ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋት 4 ሰዓት ድረስ ቀኑን በማዞሪያው በፍጥነት እንዳትገፋ። በዚያ ሰዓት ጥርሶቹ ተያይዘዋል፣ ልትሰብራቸው ትችላለህ።

በእኛ ቀን ከያዝካት ደግሞ ሥራ አለብህ። ወራችን 30 ነው፣ እሷ 31 ድረስ ትቆጥራለች፣ ስለዚህ በየወሩ አንድ ትገፋለህ። ፈረንጅ በዓመት አምስቴ ነው የሚያስተካክለው፣ እኛ አሥራ ሦስቴ። ጳጉሜ 5 ሲያልቅ 26 ጊዜ ነው የምትገፋው፣ ቆጥሬዋለሁ። እኔ እንቁጣጣሽ ቡና ከተጠጣ በኋላ ቁጭ ብዬ እሠራዋለሁ፣ እናቴ «ይቺ ልጅ ዛሬም ሰዓት ትነካካለች» ትላለች።

ባለ ጉጉት
ሜሪ 👏 26ቱን አላውቅም ነበር። እኔ ጠቋሚዎቹን እያዞርኩ ነበር ቀኑን የማመጣው፣ ጣቴ አልቆ።

ናቲ ከኮዬ
ሐሙስ ሄድኩ። ክዳኗን ከፈቱልኝ፣ ማሽኗ ላይ 7009ኤ፣ 17 ጄውልስ ይላል። ባለ ጉጉት ልክ ነህ። ሽማግሌው ራሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «እኔም በፊቷ ነው የገዛኋት» አሉ። አሳዘኑኝ። አጥበውና ዘይት አድርገው በ3,000 ተስማማን። ጋሼ፣ እንደመከሩኝ ለእጄ ነው የገዛኋት። ሌሊቱን ሳትቆም አደረች!

ሜሪ፣ እንዳልሽው ጠቋሚዎቹን 12 ሰዓት አዞርኳቸው። ዛሬ ስትቀየር ልያት ብዬ በጠዋቱ ተነስቼ ጠበቅኩ። 12 ሰዓት ሆነ፣ ቁጥሩ ግማሽ ላይ ነው። 12 ከሩብም ሆነ፣ የዕለቱ ስም አሁንም ሁለቱ መሃል ተንጠልጥሏል። ይሄስ ብልሽት ነው?

ሜሪ ዘ ሰበታ
አይደለም፣ ቀስ እያለች ነው የምትቀይረው። መጀመሪያ ቁጥሩ፣ ከዚያ የዕለቱ ስም። አትንካት፣ ታክሲው እንዳያመልጥህ ውጣ።