የማኅተም ሳጥኖች በበረሃው መንገድ፦ አርብ ለሚገባው ማመልከቻ

መንገድ መሪ (ሰኞ ጠዋት)
ረቂቁን ለጥፌያለሁ። አርብ ማታ መግባት አለበት፤ ካለፈ የዘንድሮው ድጋፍ አመለጠን ማለት ነው። ነገሩ ይኸው ነው፦ ሰው ሁሉ የመጀመሪያዋን 4 ኪሎ ሜትር ረግጦ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። መግቢያው ተራቁቷል፤ ከጨው ሜዳው ወዲያ ያለው መንገድ ደግሞ እግር ስለራቀው ምልክቶቹን አሸዋ እየዋጣቸው ነው። ከ5ኛው ኪሎ ሜትር ጀምሮ 12 የማኅተም ሳጥኖች እንደብቅ። በየሳጥኑ አንድ ደብተርና በእጅ የተቀረጸ አንድ ማኅተም ይኑር። ያገኘ ሰው የሳጥኑን ማኅተም በራሱ ደብተር፣ የራሱን በሳጥኑ ደብተር ይመታል፤ ሳጥኑን እንደነበረ አድርጎ ይመልሳል። ፍንጭ የያዘ ሰው ፀሐዩን እየረገመም ቢሆን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የአምናውን የበርሜል ጉዳይ ግን እዚህ እንዳታነሱብኝ።

ሒሳብ ያዥ
አንተው አነሳኸው እኮ። ለማንኛውም የቀለሙን ወጪ አየሁት፤ 12 የማኅተም ቀለም በዚያ ሙቀት? ሳጥኑ ገና ሳይገኝ ደርቆ ይጠብቃል። የፕላስቲክ ሳጥንም ፀሐይ ከመታው እንደ ብስኩት ነው የሚሰባበረው። ማን እየዞረ ሊተካ ነው? እኔ አልፈርምም።

ቀራጩ
ቀለም ሳጥን ውስጥ አይገባም፤ ፈላጊው ይዞ ይመጣል። ያን መስመር ሰርዙት። ሳጥኑም ጥላ ውስጥ፣ ድንጋይ ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ እህል አይደለም። ማኅተሞቹን በተመለከተ 9ኙን ጨርሻለሁ። ሁሉም ከላጲስ ነው። የጊንጡ ጅራት ብቻ ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል፤ 5ቱ አንጓ ከነመርዝ ከረጢቱ እንዲለይ ምላጩን በጫፉ ብቻ ነው የያዝኩት። ሲመታ ስለሚገለበጥ መስታወት ፊት አስቀምጬ እያየሁ ነው የቀረጽኩት። የመጀመሪያው ላይ ጽሑፉን ሳልገለብጥ ቀርጬ አንድ ሙሉ ላጲስ ባክኗል፤ ሲመታ በትክክል የወጣው «ሠ» ብቻ ነው፣ እሱም ቢገላበጥ ያው ስለሆነ።

ባለኮምፓስ
የ12ቱን ፍንጭ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የኮምፓሱ ሰሜንና የካርታው ሰሜን አንድ አይደሉም። ልዩነቱ እንደ ቦታው ይለያያል፣ ዓመት በመጣ ቁጥርም ይንሸራተታል። 1 ዲግሪ የሳተ ሰው 1 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 17 ሜትር ያህል ይስታል፤ ሁሉም ድንጋይ በሚመሳሰልበት አገር 17 ሜትር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ፍንጮቹን ባጭር ባጭር ርቀት አደርጋቸዋለሁ። እስከ ረቡዕ ጠብቁኝ።

ጸሐፊው (ሰኞ ማታ)
አንድ ጥያቄ አለኝ። ረቂቁ «ማኅተም» የሚለውን ቃል 17 ጊዜ ይጠቀማል። የማኅበሩ ማኅተም አንድ ነው፤ እሱም ተቆልፎ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። አሁን ገንዘብ ለሚሰጠን አካል «12 ማኅተም በረሃ ውስጥ በየድንጋዩ ሥር እናስቀምጣለን» ብለን ልንጽፍ ነው?

ቀራጩ
የጊንጥ ሥዕል ነው! በጊንጥ ማን ደብዳቤ ያወጣል?

ጸሐፊው
ሥዕሉ ምንም ይሁን ምን ረቂቁ ላይ «የማኅበሩ ማኅተም» ይላል። አንቀጽ 3፣ ሁለተኛው መስመር።

መንገድ መሪ
እሺ፣ «የሳጥኑ ማኅተም» እለዋለሁ። ተስተካክሏል። ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ።

ጸሐፊው
አልተስተካከለም። ማኅተም ማኅተም ነው። «ምልክት» በሉት።

የመስክ ጠባቂ
«ምልክት» ካላችሁት መንገዱ ላይ ካሉት የአቅጣጫ ምልክቶች ጋር ይምታታል። «ከምልክቱ 40 እርምጃ ሄደህ ምልክቱን ታገኛለህ» ምን ማለት ነው?

ሒሳብ ያዥ
«ቲተር» በሉት።

ጸሐፊው
ቲተር ስምና ኃላፊነት ያለበት ነው። ጊንጥ ምን ኃላፊነት አለው?

ቀራጩ
ካንተ የተሻለ ይሠራል፣ ቢያንስ ሌሊት ይነቃል።

ጸሐፊው
ይህ ስድብ በመዝገብ ይያዝልኝ።

ሰብሳቢ
ሁለታችሁም! ጸሐፊያችን የሚሉት መሠረት የለውም አልልም። ቀራጩም ጨዋታውን ይቀንስ። እስከ ነገ ማታ ሁሉም አማራጭ ቃል ያቅርብ።

(ማክሰኞ ሙሉ ቀን የቀረቡት፦ መምቻ፣ ዓርማ፣ አሻራ፣ ምስል፣ «የላጲስ ቅርጽ»። «አሻራ» 6 ድምፅ ካገኘ በኋላ የመስክ ጠባቂ «አሻራ የምንሰጠው ለፖሊስ ነው» ብላ ጻፈች፤ አራቱ ድምፃቸውን መልሰው ወሰዱ።)

የድሮ አባል (ረቡዕ ጠዋት)
ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብዬ አነበብኩ። ልጆች፣ ይህ ነገር ሲጀመር ማኅተም የሚባል አልነበረበትም። በ1854 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጄምስ ፔሮት የሚባል መንገድ መሪ በእንግሊዝ አገር፣ ዳርትሙር በሚባለው ረግረግ፣ ክራንሜር ፑል የሚባል ሩቅ ቦታ ላይ ጠርሙስ አስቀመጠ። እዚያ ድረስ የደከመ ሰው የስም ካርዱን ጠርሙሱ ውስጥ ጥሎ ይመለስ ነበር። ኋላ ደግሞ በራሳቸው አድራሻ የተጻፈ ፖስታ ካርድ እየተዉ፣ ቀጥሎ የመጣው ሰው ወስዶ በፖስታ ይልክላቸው ጀመር፤ «የደብዳቤ ሳጥን» የሚለው የጨዋታው ስምም የመጣው ከዚያ ነው። ማኅተሙ የኋላ ጭማሪ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ደግሞ፣ በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በ1998 አንድ መጽሔት ስለዳርትሙሩ ከጻፈ ወዲህ ነው። ስለዚህ የምትጣሉበት ነገር ዋናው ነገር እንኳ አይደለም።

ጸሐፊው
አመሰግናለሁ ጋሼ። እንግዲህ ራሳቸው ተናገሩ፤ ማኅተም ግዴታ አይደለም። ይሰረዝና ደብተር ብቻ ይቀመጥ።

የድሮ አባል
እኔ እንደዚያ አላልኩም።

ቀራጩ
እንግዲያው ሌላ ቀራጭ ፈልጉ። 9 ማኅተም፣ ሦስት ሳምንት፣ አንድ የተቆረጠ አውራ ጣት። ማንም «እስቲ አሳየን» አላለኝም፤ ሁላችሁም ስለ ስሙ ነው የምታወሩት።

የመስክ ጠባቂ
ስለ ስሙ ሳይሆን ስለ ቦታው ላውራ፣ ማንም ስላልጠየቀኝ። ካርታው ላይ የተነጠቡትን 12 ቦታዎች ትናንት በእግሬ አየሁ። 5ቱ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ናቸው። ሰማዩ እናንተ ጋ ጥርት ብሎ፣ ሩቅ ተራራ ላይ ዘንቦ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል፤ ሳጥኑ ቢሄድ ግድ የለኝም፣ ግን አጎንብሶ ድንጋይ የሚያገላብጥ ሰው እዚያ መቀመጥ የለበትም። ሌሎቹ 4 ከመንገዱ ወጣ ያሉ ናቸው፤ መሬቱ ያ ጥቁር፣ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ቅርፊት ነው። የሞተ አፈር መስሏችሁ ይሆናል። ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ አፈሩን በነፋስ እንዳይወሰድ የያዘው እሱ ነው። አንድ ሰው ረግጦት ሲሄድ ብስኩት የተሰበረ ያህል ኮሽ ይላል፣ ተመልሶ እስኪድን ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ፍንጭ ይዘው 200 ሰዎች ሲያልፉበት አስቡት። የቀሩት 3 ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ድንጋይ ሥር አይደበቁ፤ ቀን ጊንጡ የሚያርፈው እዚያው ነው፣ ሰው ደግሞ ሳያይ እጁን ይሰዳል።

መንገድ መሪ
ይህን ሰኞ ብትነግሪን ምን ነበረበት?

የመስክ ጠባቂ
ሰኞ ስለ ቲተር ስታወሩ ነበር።

ሒሳብ ያዥ
3 ሳጥን ከሆነ የበጀቱ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ትንሽ የሚጠይቅ ማመልከቻ ደግሞ ቶሎ ይጣላል። ሌላ ነገር ጨምሩበት።

ሰብሳቢ
ባለኮምፓስ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። የ3ቱን ፍንጭ ብቻ አምጣልን።

ሰብሳቢ (ሐሙስ ጠዋት)
ባለኮምፓስን ያየ አለ? ስልኩ ዝግ ነው።

አዲስ አባል
ይቅርታ፣ እኔ ገና ስለሆንኩ ታሪኩን አላውቅም። መግቢያው ላይ ማን እንደገባ የሚመዘገብበት ደብተር አለ እንዴ? ባለፈው ስገባ አላየሁም። በሙቀቱ ሰዓት የሚሄድ ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ውሃ ይፈልጋል ይባላል፤ ብዙዎቹ ግን ግማሽ ሊትር ጠርሙስ አንጠልጥለው ነው የሚገቡት። ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ የያዘው ውሃ ተጽፎ ቢቀመጥ ያልተመለሰ ሰው ይታወቃል።

ሒሳብ ያዥ
ይሄ ገንዘብ ያመጣል። የሰው ሕይወት ነው። ጻፉት።

መንገድ መሪ
የኔ ዕቅድ ሰውን ከመግቢያው ማራቅ ነበር እኮ። አሁን ሳጥኑን መግቢያው ላይ ልናደርግ ነው?

ሰብሳቢ
አንድ መግቢያው ላይ፣ ሁለት ውስጥ ይሁን።

የመስክ ጠባቂ
ውስጥ ያሉትን ማን ይፈትሻል? እኔ ብቻዬን ከሆንኩ አልችልም። ስማችሁን ጻፉ።

(ስም የጻፈ የለም። ሰኞ ዕለት «እኔ አለሁ» ያሉት ሁለቱ አባላት መልእክቱን አንብበውታል።)

ሰብሳቢ (ሐሙስ ማታ)
እንግዲያው መግቢያው ላይ ያለው አንዱ ብቻ። ብረት ሣጥን፣ ከጥላ ሥር፣ ደብተርና እስክሪብቶ። ርዕሱን «የመንገደኞች ደኅንነት መዝገብ» ብዬዋለሁ። ጸሐፊያችን፣ ማኅተም የሚለው ቃል ወጥቷል፤ ፈተሽኩ፣ አንድም የለም።

ጸሐፊው
አይቻለሁ፣ ተስማምቻለሁ። ቀራጩ ላይ የተናገርኩት ነገር ካስከፋ ይቅርታ፤ እኔም ማታ ደክሞኝ ነበር።

ቀራጩ
እኔም ስለ ጊንጡ የተናገርኩትን ትቼዋለሁ። ማኅተሞቼ መንገድ መሪ ጋ ናቸው፣ በካርቶን። ሙቀት ቦታ እንዳታስቀምጣቸው፣ ላጲስ ይለጠፋል።

መንገድ መሪ
መኪና ውስጥ ናቸው።

ቀራጩ
የት?

ሒሳብ ያዥ (አርብ፣ 9 ሰዓት)
ገብቷል። ሣጥኑ ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ እኔ አትሜዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ወስጄ እለጥፋለሁ።

ጸሐፊው
ማኅተም ያላረፈበት ማስታወቂያ በማኅበሩ ስም አይለጠፍም። ነገ ደግሞ ቢሮ የለም፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነው፤ ሰኞ ከ3 ሰዓት በኋላ ኑ።