ለምላጭ የሚሆን የተፈጥሮ መሳያ ድንጋይ ለመምረጥ እርዳታችሁን እጠይቃለሁ

ታጣፊ ምላጬን እስካሁን የምስለው 1000 እና 8000 የልስላሴ ቁጥር ባላቸው ሰው ሠራሽ ድንጋዮች ሲሆን፣ ስለቱ የክንዴን ጸጉር ያለችግር እየላጨ ጉንጬ ላይ ሲደርስ ግን ጢሜን ይጎትታል፤ ከተላጨሁም በኋላ ቆዳዬ ይቃጠላል። ስለዚህ የመጨረሻውን ማለስለስ በተፈጥሮ ድንጋይ ለማድረግ አስቤ፣ በቤልጂየም አርደን ከሚወጣው ቢጫ ኮቲኩልና ከአሜሪካው ጠንካራ የአርካንሳስ ድንጋይ የትኛውን እንደማዝ መወሰን አቅቶኛል። ኮቲኩል የሚቆርጠው በውስጡ ባሉት ጋርኔት የተባለ ጠንካራ ማዕድን ጥቃቅን ቅንጣቶች በመሆኑ፣ በትንሽ ድንጋይ ሲያሹት የሚወጣውን ወተት የመሰለ ብጥብጥ በውሃ እያቀጠኑ ከፈጣን መሳል ወደ ማለስለስ መሻገር ይቻላል፤ አርካንሳስ ግን አዝጋሚ ነው፣ እኔም ትዕግሥቴ ብዙ አይደለም።

ይበልጥ ያስቸገረኝ፣ የተፈጥሮ ድንጋይ እንደ ሰው ሠራሹ ቁርጥ ያለ የልስላሴ ቁጥር ስለሌለው፣ ከሻጩ ፎቶ ብቻ መፍረድ ነው። ልገዛው ያየሁት ኮቲኩል 150 በ40 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከጫፉ አጠገብ እንደ ጸጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ይታይበታል። እንዲህ ያለው መስመር ስለቱን ይሸርፈው ይሆን? ስፋቱስ ምላጩን በሰያፍ እየገፉ ለመሳል ይበቃል? ከማዘዜ በፊት ሻጩን ምን ምን ልጠይቀው እንደሚገባ የምታውቁ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።