የአውሮፓ ሠራተኛ ማኅበራት ከአገር አገር ተናበው ይደራደራሉ የሚባለው እውነት ነው?

የጅሬን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምሠራው፣ ድርጅቱን አልጠራም፤ አዲስ አበባም ቅርንጫፍ አለው፣ እዚያ ያሉት ለብቻቸው ነው የሚደራደሩት። የሠራተኛ ማኅበራችን ኮሚቴ ውስጥ አለሁበት። የኅብረት ስምምነታችን ሊያልቅ ስለሆነ ድርድር ልንገባ ነው።

ባለፈው ድርድር ጭማሪ ስንጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ከፋይሉ አንድ ወረቀት መዘዘና «የአዲስ አበባዎቹ በዚህ ፈርመዋል፣ እናንተ ምን ቤት ናችሁ?» አለን። ወረቀቱን ግን እጃችን አላስገባም፣ ከሩቅ ነው ያሳየን። ፈረምን። ለካ እዚያም «ጅማዎች በትንሽ ተስማምተዋል» ብሎ ነው ያስፈረማቸው! አውሮፓ ውስጥ ቋንቋቸው እንኳ የማይገናኝ ማኅበራት በደመወዝ ጉዳይ ይናበባሉ ሲባል ሰማሁ። እንዴት አድርገው ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

አጂፕ ሰፈር፦
አብረው ይደራደራሉ ማለት ይበዛል። ድርድሩ በየአገሩ ነው፤ የሚናበቡት ከመግባታቸው በፊት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 የቤልጂየም፣ የኔዘርላንድስ፣ የሉክሰምበርግና የጀርመን ማኅበራት ዶርን በምትባል የሆላንድ ከተማ ተሰብስበው አንድ ቀመር ያዙ፦ የምንጠይቀው ጭማሪ የዋጋ ንረቱና የምርታማነት እድገቱ ተደምረው ከሚሰጡት አይነስ። ያጣደፋቸው የጋራ ገንዘባቸው ዩሮ ሊመጣ መሆኑ ነው። በፊት አንድ አገር ገበያ ሲከብደው የገንዘቡን ምንዛሪ ያወርድ ነበር፤ ገንዘቡ አንድ ከሆነ ግን ቀጣሪው የሚያወርደው ደመወዝ ብቻ ይቀራል፣ ያኔ ደግሞ እያንዳንዱን ማኅበር በጎረቤቱ እያስፈራራ ያስፈርማል፣ ልክ እናንተን እንዳደረጋችሁ። ቤልጂየሞቹማ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ሕግ የደመወዝ ጭማሪያቸው ከጀርመን፣ ከፈረንሳይና ከኔዘርላንድስ ጭማሪ እንዳያልፍ ተደርገዋል። ስለዚህ ጀርመን ትንሽ ከፈረመ እነሱም አለቀላቸው።

ደስ የሚለኝ ነገር ደግሞ የብረታ ብረት ሠራተኞቹ ሥራ ነው። የጀርመኑ ማኅበራቸው ኢጌ ሜታል ድንበር ላይ ካሉት የቤልጂየምና የሆላንድ ማኅበራት ጋር ታዛቢ ይለዋወጣል። የጎረቤት ሰው መጥቶ ድርድሩን ያያል። ከዚያ በኋላ ማን ፈረመ፣ በስንት ፈረመ የሚል ወሬ ቦታ የለውም።

ሊሙ፦
አጂፕ፣ አሳመርከው 😄 ቀመሩን የጣሰ ማኅበርን የሚቀጣው ማን ነው? ማንም። ዩሮ ከገባ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጀርመን ውስጥ ራሱ ጭማሪው ከቀመሩ በታች ነበር፤ ሌሎቹ በዚህ ተጎድተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ውል አንቀጽ 153 ደግሞ ደመወዝንና የሥራ ማቆም መብትን ኅብረቱ በዚያ አንቀጽ ሥር ሕግ ከሚያወጣባቸው ጉዳዮች አውጥቷቸዋል። በ2022 የወጣው የዝቅተኛ ደመወዝ መመሪያም ቢሆን የኅብረት ድርድር ከ80 በመቶ በታች ሠራተኛ የሚሸፍንበት አገር የድርጊት መርሐ ግብር ያውጣ ነው የሚለው፣ ያው ወረቀት ነው። እኛ ጋ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ራሱ አልተወሰነም፣ እሱን ተዉት።

አጂፕ ሰፈር፦
ሊሙ፣ ልክ ነህ፣ ቅጣት የለውም። ግን የጅሬኑን ልጅ ያስፈረመው መረጃ ማጣት ነው። ለእሱ ቅጣት ምን ያደርግለታል?

ፈረንጅ አራዳ፦
ወንድሜ፣ አውሮፓን ለጊዜው ተወውና የራሳችንን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንብብ። የተፈረመ የኅብረት ስምምነት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተልኮ ይመዘገባል። ስለዚህ ያ ከሩቅ የታየህ ወረቀት ምሥጢር አይደለም። በዚያ ላይ ተፈርሞ የተመዘገበን ስምምነት ሌሎችም ሊቀላቀሉት ይችላሉ ይላል። የአዲስ አበባዎቹ የተሻለ ካገኙ ለእናንተም መንገድ አለ ማለት ነው።

ዋናው ግን ማብቂያ ቀኑ ነው። የእናንተ ዘንድሮ፣ የእነሱ ከርሞ የሚያልቅ ከሆነ ሁልጊዜ አንዳችሁ ቀድማችሁ ትፈርማላችሁ፣ ሥራ አስኪያጁም ያንን ለሌላው ማስፈራሪያ ያደርገዋል። ዘንድሮ ስትፈርሙ ዘመኑን አሳጥራችሁ ከእነሱ ጋር አንድ ቀን ላይ እንዲያልቅ አድርጉት። ለዚህ ብላችሁ ከጭማሪው ትንሽ ብትለቁ እንኳ አያከስርም።

የጅሬን ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ቀኑን እኮ አስበነውም አናውቅም። ታዛቢ መለዋወጡም ተመችቶኛል፣ ሥራ አስኪያጁ ግን «የውጭ ሰው አይገባም» ማለቱ አይቀርም።

ፈረንጅ አራዳ፦
የአንድ ድርጅት ሠራተኛ ምኑ የውጭ ሰው ነው? እምቢ ካለ ታዛቢው ከበር ውጭ ይቀመጥ፣ በየእረፍቱ ወጥታችሁ ንገሩት። የአዲስ አበባውን ሊቀመንበር ስልክ አለህ?

የጅሬን ልጅ፦
የለኝም። ነገ ከጸሐፊያችን እቀበላለሁ።