የሠርግ ራው ፎቶዎችን በአንድ ላይ ኤክስፖርት ማድረግ ሌሊቱን ይፈጅብኛል፤ የሚያዘገየኝን ክፍል እንዴት ልለየው?

ጠያቂ (ከጅማ)

ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ የሠርግ ፎቶ አነሣለሁ። ራው ፋይሎቼን (ካሜራው ያልተቀነባበረውን የፎቶ መረጃ የሚያስቀምጥባቸውን) የምሠራው ዊንዶውስ ላይ በተጫነ ዳርክቴብል በተባለ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። ፎቶዎችን አንድ በአንድ ከፍቼ ስሠራ ፕሮግራሙ ብዙም አያስቸግረኝም፤ የአንድን ሠርግ ፎቶዎች መርጬ በአንድ ላይ ወደ ጄፔግ ኤክስፖርት ሳደርግ ግን እያንዳንዱ ፎቶ 40 ሰከንድ ገደማ ስለሚወስድ፣ 600 ፎቶ ሲሆን ሥራው ከ6 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ካሜራዬ 24 ሜጋፒክስል ነው፤ ላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራም አለው፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ግን የለውም። ራው ፋይሎቹን የማስቀምጠው በዩኤስቢ 2 በሚገናኝ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። አንዱ ዲስኩን ቀይር ይለኛል፣ ሌላው አዲስ ላፕቶፕ ግዛ ይለኛል። ቤተሰቦቹ ቢያንስ የተመረጡትን ፎቶዎች ለቅልቅሉ ማየት ስለሚፈልጉ ጉዳዩ ያስጨንቀኛል። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምክንያቱን በምን ላረጋግጥ?

መላሽ 1

ዲስኩን ለመቀየር አይቸኩሉ። ዩኤስቢ 2 በተግባር በሰከንድ 30 ሜጋባይት ገደማ ያስተላልፋል፤ የ24 ሜጋፒክስል ራው ፋይል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ አንዱን ፋይል ለማንበብ የሚያስፈልገው 1 ሰከንድ ያህል ነው፤ ከ40 ሰከንድ ውስጥ የቀረው ጊዜ የሚያልቀው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። ለማረጋገጥ ጥቂት ፎቶዎችን ወደ ላፕቶፑ የውስጥ ዲስክ ገልብጠው ከዚያ ኤክስፖርት ያድርጉና ሰዓቱን ያነጻጽሩ። ሥራው እየሄደ ሳለ ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 በመቶ ተጠግቶ ዲስኩ ዝም ካለ ችግሩ የስሌት ክብደት ነው፣ ራሙ ሞልቶ የውስጥ ዲስኩ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ከሆነ ግን የማስታወሻ እጥረት ነው።

መላሽ 2

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ስለ ራሙ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ዳርክቴብል እያንዳንዱን ፒክስል በ16 ባይት ስለሚይዝ፣ የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ በማስታወሻ ውስጥ 384 ሜጋባይት ይሆናል። እያንዳንዱ ሞጁል (አንድ ዓይነት ማስተካከያ የሚሠራው የፕሮግራሙ ክፍል) ገቢውንም ወጪውንም በአንድ ጊዜ ስለሚይዝ መጠኑ እጥፍ ይሆናል፣ ከባዶቹ ሞጁሎች ደግሞ ከዚህም በላይ ይጠይቃሉ። ቦታው ሲጠብ ፕሮግራሙ ፎቶውን ቆራርጦ በየክፍሉ ይሠራል፤ ይህም ጊዜ ይጨምራል። ስለዚህ ኤክስፖርት ሲጀምሩ ብራውዘሩንና ሌሎች ፕሮግራሞችን ይዝጉ።

ከሁሉ በፊት ግን በፎቶዎቹ ላይ የበሩትን ሞጁሎች ይመልከቱ። የፎቶውን ዝርዝር ለማጉላት የሚያገለግለው ዲፊዩዝ ኦር ሻርፕን የተባለው ሞጁል ግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ላይ እጅግ ከባድ ነው፤ ስሌቱ የሚደጋገምበት ቁጥር በጨመረ ልክ ጊዜውም ይጨምራል። የፎቶውን ሸካራነት (ኖይዝ) የሚቀንሰው ዲኖይዝ ፕሮፋይልድም ቀላል አይደለም።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፋይሎቹን ወደ ውስጥ ዲስክ ብገለብጣቸውም ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ተይዟል። ለሁሉም ፎቶ በምጠቀምበት ስታይል (አስቀድሞ በተዘጋጀ የማስተካከያ ስብስብ) ውስጥ ሁለቱም ሞጁሎች አሉ። ዲፊዩዝ ኦር ሻርፕንን በጥቂት ፎቶዎች ላይ አጥፍቼ ስሞክር ጊዜው ከግማሽ በታች ወረደ። ዲኖይዙን ግን ማታ በአዳራሽ ውስጥ ለተነሡት ፎቶዎች እፈልገዋለሁ፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

መላሽ 2

ስታይሉን ለሁለት ይክፈሉት። ቀን ላይ በጅሬን ኮረብታ፣ በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግቢ በጠራ ብርሃን በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ባለው ስሜት መጠን) 200 የተነሣ ፎቶ ዲኖይዝ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው አዳራሽ ውስጥ በአይኤስኦ 6400 የተነሣው ነው። በኮሌክሽን ክፍል ፎቶዎቹን በአይኤስኦ ማጣራት ስለሚቻል፣ ዝቅተኞቹን በአንድ ላይ መርጠው ቀላሉን ስታይል ይስጧቸው። የሙሽሪትን ጥልፍና ጌጥ በቅርበት በሚያሳዩት ጥቂት ፎቶዎች ላይ ዲፊዩዝ ኦር ሻርፕንን ቢያስቀሩት አይከፋም፤ ዝርዝሩ እዚያ ላይ ዋጋ አለው።

ለቅልቅሉ በቴሌግራም የሚላኩትን ደግሞ ረጅሙን ጎን 2048 ፒክስል አድርገው፣ ሃይ ኳሊቲ ሪሳምፕሊንግ የሚለውን አጥፍተው ለብቻ ያውጧቸው። ይህ ምርጫ ሲበራ ፎቶው በሙሉ መጠኑ ተሠርቶ መጨረሻ ላይ ይቀነሳል፤ ሲጠፋ ግን አስቀድሞ ስለሚቀነስ ሥራው በብዙ ይፈጥናል። ለአልበም የሚታተሙትን ግን አብርተው በሙሉ መጠናቸው ያውጡ፤ እነዚያ ቢዘገዩም ችግር የለውም።

መላሽ 1

መብራትንም አይርሱ። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ኤክስፖርቱን ቻርጀሩ ተሰክቶ እያለ ያስኪዱት። መብራት ሄዶ ሥራው መሐል ላይ ቢቋረጥ፣ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ሲገኝ እንዲያልፈው የሚያደርገውን ምርጫ ይዘው ያንኑ ስብስብ እንደገና ያስጀምሩ፤ ያለቁትን ትቶ ከቀሩት ይቀጥላል። በቅድሚያ ግን በመጨረሻ ሲጻፍ የነበረውን ጄፔግ ከፍተው ይዩት፤ ግማሹ ብቻ ተጽፎ ከቀረ ያጥፉት፣ አለበለዚያ ፕሮግራሙ እንዳለቀ ቆጥሮ ያልፈዋል።