የሁለት ኮሜዲያን ወግ፦ ተቆርጦ ሲዞር ትርጉሙ እንዳይገለበጥ ምን ይደረግ?

ወግ ጠራቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ኮሜዲያን ሆነን በየሳምንቱ የአንድ ሰዓት ወግ ልንቀርጽ ነው። የምናወራው ስለ መናገር ነፃነት፣ በሶሻል ሚዲያ በአንድ ሌሊት ስለሚቀጣጠል ቁጣና ስለ ጉዞ ነው፤ ኤርፖርት፣ ሻንጣ፣ አጠገብ የተቀመጠ ሰው። ከእያንዳንዱ ወግ የ60 ሰከንድ ቅንጭቦች እያወጣን ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ እንለቃለን። ቅንጭቡ ከወጉ ተነጥሎ ሲዞር ቀልዱ እንደ አቋም እንዳይቆጠር በአጻጻፍም በቀረጻም ምን ይደረጋል? «የመናገር ነፃነት አለኝ» ማለትስ የት ያስኬዳል፣ የት አያስኬድም? የጉዞ ቀልድ ደግሞ ሁሉ ተብሎ ያለቀ ይመስላል፤ አዲስ ነገር ከየት ይገኛል? ያለን ዕቃ ልብስ ላይ የሚሰኩ ሁለት ገመድ አልባ ማይኮችና ስልክ ነው።

አርታኢዋ

ከሰዋስው ጀምሩ። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «አይደለም» የሚለውም፣ «ይላሉ»፣ «ብሎ ያስባል» የሚሉትም ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ «ተሳፋሪ ሁሉ ሌባ ነው ብሎ የሚያስብ ፈታሽ አለ» ብላችሁ ብትናገሩ፣ አንድ ሰው «ነው» ላይ ቆርጦ «ተሳፋሪ ሁሉ ሌባ ነው» የሚል የእናንተን ድምፅ ያገኛል። ማጭበርበሪያ ሶፍትዌር አያስፈልገውም፤ መቀስ ይበቃዋል። መፍትሔው የሐሳቡን ባለቤት ዓረፍተ ነገሩ መሀል መቅበር ነው፦ «ተሳፋሪ ሁሉ ለፈታሹ ሌባ ነው።» ይህን ከፊትም ከኋላም ብትቆርጡት «ለፈታሹ» አብሮ ይሄዳል፤ ከመሀል ከወጣ ደግሞ የድምፁ መዝለል ይሰማል። በተለይ «…ነው ማለቴ አይደለም» የሚል አነጋገር ፈጽሞ አትጠቀሙ። የካዳችሁት ሐሳብ ሙሉውን በራሳችሁ አፍ ተቀርጾ ይቀራል።

የሌላ ሰው ሐሳብ ስታሰሙ ድምፃችሁን ለውጡ። ፈታሹን ስትሆኑ አፍንጫዊ ወይም ወፍራም ድምፅ ካወጣችሁ፣ የተቆረጠውም ቁራጭ ትወና መሆኑ ይታወቃል።

ከቀረጻ በፊት ስክሪፕቱን ይዛችሁ ተቀመጡና እያንዳንዳችሁ በየገጹ የከፋውን የ10 ሰከንድ ቁራጭ ፈልጉ። ጠላት ቢቆርጠው የቱን ይቆርጣል? ያን ካገኛችሁ ወይ ቃሉን አንቀሳቅሱ፣ ወይ የጓደኛችሁ ምላሽ ወዲያው እንዲገባበት አድርጉ፣ ወይ እያወቃችሁ ተዉት። ሁሉንም ማለስለስ ወጉን ይገድለዋል፤ አንዳንድ ቀልድ አደጋው ይገባዋል። በተጨማሪ ከእያንዳንዱ ቀልድ አጠገብ «የሚሳቀው በማን ላይ ነው?» ለሚለው አንድ ቃል ጻፉ፤ ሳትተያዩ። የጻፋችሁት ቃል ከተለያየ ተመልካቹም እንደዚያው ይለያያል። የቀልዱ ርዕስና የቀልዱ ዒላማ አንድ አይደሉም፦ ርዕሱ ሻንጣው የጠፋበት ሰው ሊሆን ይችላል፣ ዒላማው ግን ቅጹን አሥር ጊዜ የሚያስሞላው አሠራር። ብዙ ቁጣ የሚነሣው ተመልካቹ ርዕሱን ዒላማ አድርጎ ሲወስደው ነው።

ሰምና ወርቅ የምትወዱ ከሆነ ንግግሩ ቪዲዮው ላይ በጽሑፍ ሲወጣ (ሰብታይትል) ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው ቅንጭብ የሚያየው ድምፁን አጥፍቶ ነው፤ የአማርኛ ፊደል ደግሞ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ ሰውየው በላተኛ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ራሱ ምግብ ነው። «አለ»ም ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» ነው። ለጆሮ የተሠራ ቀልድ በዓይን ሲነበብ አንዱ ትርጉም ብቻ ይቀራል፣ ብዙ ጊዜም ክፉው። እንዲህ ያለውን ለሙሉው ወግ ተዉት፣ ቅንጭብ አታድርጉት። ለምፀት የሚሆን የራሳችን ምልክት አለ፤ ትእምርተ ስላቅ (¡) ይባላል፣ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይገባል። ተጠቀሙበት፤ ግን ብዙ ወጣት አንባቢ ስለማያውቀው በእሱ ብቻ አትተማመኑ።

ስትቆርጡ መንደርደሪያውን አታስወግዱ። 60 ሰከንድ ካልበቃ ሌላ ቀልድ ምረጡ። የጓደኛችሁን «ኧረ ተው!»ም አትቁረጡ፤ ክርክር መኖሩን የሚያሳየው እሱ ነው። ሳቁ ካለቀ በኋላ አንድ ሁለት ሰከንድ አስቀሩ፤ ሳቁ የተነቀለ ቀልድ ንግግር ይመስላል። ሙሉውን ወግ አስቀድማችሁ ልቀቁ፣ ቅንጭቡን ከዚያ በኋላ፤ «ሙሉው ከ23ኛው ደቂቃ ጀምሮ» ብላችሁ ቪዲዮው ላይ ጻፉ። ያልተነካውን ቀረጻ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ክርክር ሲነሣ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

አርዕስቱንም እዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዊልያም ብሬዲ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ትዊቶችን መርምረው፣ በአንድ መልእክት ውስጥ የምትጨመር እያንዳንዷ የሥነ ምግባር ስሜት ያላት ቃል («ነውር»፣ «ክህደት» ዓይነት) ስርጭቱን በ20 በመቶ ገደማ እንደምትጨምር አሳይተዋል። የሚያጓጓ ቁጥር ነው። ግን ቅንጭቡን «ነውር» ብላችሁ ከሰየማችሁት የሚመጣው ሰው ሊቆጣ እንጂ ሊስቅ አይደለም።

ቁጣው ከመጣስ? አታጥፉት። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ባርብራ ስትራይሳንድ የቤቷ የአየር ላይ ፎቶ ከድረ ገጽ እንዲነሣ ክስ ስትመሠርት ፎቶው የወረደው 6 ጊዜ ብቻ ነበር፣ ከስድስቱም ሁለቱ በራሷ ጠበቆች፤ ክሱ ከተሰማ በኋላ በአንድ ወር ከ400 ሺህ በላይ ሰው ጎበኘው። ከማጥፋት ይልቅ መጀመሪያ ሠላሳ ያህል ኮመንት በጥሞና አንብቡና ለዩ። ሙሉውን አይቶ የተጎዳ ሰው አለ፣ ቅንጭቡን ብቻ ያየ አለ፣ ድንጋይ ለመወርወር ብቻ የመጣ አለ። ለመጀመሪያው መልስ ይገባዋል፣ ለሁለተኛው ሙሉው ሊንክ፣ ለሦስተኛው ዝምታ። ጥፋት ካለ ይቅርታው አንድ ይሁን፣ ከኮመንቶቹ ሁሉ በላይ ፒን ይደረግ፦ ምን እንደተባለ፣ ማንን እንደጎዳ፣ ምን እንደሚለወጥ። «አስቀይሜ ከሆነ» የምትለው «ከሆነ» ይቅርታውን ታፈርሰዋለች። ከዚያ በኋላ በየኮመንቱ ሥር አትከራከሩ፤ እያንዳንዱ መልሳችሁ ፖስቱን እንደገና ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ዛቻ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ቀኑ፣ የአካውንቱ ስምና ሊንኩ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት ያዙ፣ ከዚያ ሪፖርት አድርጉ።

የሕግ ደጅ

ሁለተኛውን ጥያቄ ልያዝ። የመናገር ነፃነት በዋናነት የሚያስረው መንግሥትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 19 ነፃነቱን ይደነግጋል፤ ዓለም አቀፉ የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 19 ደግሞ ገደብ የሚጣለው በሕግ ሲደነገግና ለሌሎች መብትና ክብር፣ ለብሔራዊ ደህንነት፣ ለሕዝብ ሰላም፣ ጤና ወይም ሞራል የግድ ሲያስፈልግ ብቻ ነው ይላል። ዩቲዩብ ቪዲዮ ሲያወርድ ጥያቄው የውል ነው፤ የምትከራከሩት በራሱ ደንብ ነው። ተመልካች «አያስቅም፣ ያሳፍራል» ሲል ደግሞ እሱም ያንኑ ነፃነት እየተጠቀመ ነው። ኮሜዲያን ብዙ ጊዜ እነዚህን ሦስቱን ቀላቅሎ ነው የሚናገረው፤ ለያይታችሁ ብታወሩ ወጉ ራሱ ይጠራል።

የእውነተኛ ሰው ስም ስትጠሩ ቁልፉ ልዩነት በአስተያየትና በፍሬ ነገር መካከል ነው። «ልብሱ ድንኳን ይመስላል» አስተያየት ነው። «ገንዘብ ሰርቋል» ማስረጃ የሚጠየቅበት ነው፣ ሳቅ ቢከተለውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 በሀስለር መጽሔትና በሰባኪው ጄሪ ፎልዌል ጉዳይ፣ ማንም እንደ እውነት የማይወስደው በታዋቂ ሰው ላይ የተሠራ ፌዝ ጥበቃ አለው ብሏል። ይህ ግን የአሜሪካ ሕግ ነው፣ ወግ ደግሞ ድንበር ይሻገራል። በጀርመን የውጭ መሪን መስደብን የሚቀጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 103 እ.ኤ.አ. በ2016 ኮሜዲያኑ ያን ቦመርማን ባነበበው ግጥም ሰበብ ተነሥቶ ብዙ ካከራከረ በኋላ ነው በ2018 መጀመሪያ የተሻረው። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ሌኒ ብሩስም በኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1964 በጸያፍ ንግግር ተፈርዶበት ምሕረቱ የመጣው በ2003 ነው፤ እሱ ከሞተ 37 ዓመት በኋላ።

ሦስቱ ርዕሶቻችሁ የሚገናኙበት አንድ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 እንግሊዝ ውስጥ አንድ ሰው ኤርፖርት በበረዶ ሲዘጋበት ተናዶ «ካልከፈታችሁ አፈነዳዋለሁ» የሚል ይዘት ያለው ትዊት ጻፈ። የኤርፖርቱ ደህንነት ሰዎች ራሳቸው የማይታመን ዛቻ ብለው መደቡት፤ ሰውየው ግን ተከሶ 385 ፓውንድ ተቀጣ። ስቲቨን ፍራይና አል መሪ የመሳሰሉ ኮሜዲያን ከጎኑ ቆሙ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሐምሌ 2012 ጥፋተኝነቱን ሻረው። ሁለት ዓመት ተኩል የፈጀው፣ ዓረፍተ ነገሩ ድምፅም ፊትም ሳይኖረው ስለተነበበ ነው። አንድ ሙሉ ወግ ይወጣዋል።

ጓዝ ቀላል

የጉዞ ቀልድ የሚሰለቸው ቅሬታው ላይ ስለሚቆም ነው። ምክንያቱን ብትፈልጉ ገና ያልተነካ ብዙ አለ። «የአውሮፕላን ምግብ አይጣፍጥም» ያረጀ ነው። የአውሮፕላኑ ውስጥ ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ተራራ፣ እርጥበቱም ከ20 በመቶ በታች መሆኑ፣ ስለዚህ ጨውና ስኳር በምላስ ላይ መድከማቸው ግን አዲስ በር ይከፍታል፦ የተበላሸው ምላሳችን ሆኖ ሳለ የምንከሰው ወጥ ቤቱን ነው። ፈሳሹንም ውሰዱ። ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብዙ ኤርፖርት የሚለካው 100 ሚሊ ሊትር የዕቃው መጠን እንጂ የያዘው አይደለም፤ 50 ሚሊ የቀረባት የ200 ሚሊ ጠርሙስ ትጣላለች። ለምን ቢባል ፈታሹ በየጠርሙሱ ሊሰፍር ስለማይችል ነው። አንዳንድ ኤርፖርቶች አዲስ ስካነር አስገብተው ደንቡን ስላላሉ ግን ከመቅረጻችሁ በፊት አረጋግጡ።

አሳፋፈሩም እንዲሁ። ጄሰን ስቴፈን የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳየው ከኋላ ረድፍ ጀምሮ ማሳፈር ፈጣን አይደለም፤ ጎረቤቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ቆመው ሻንጣ ይሰቅላሉና። መንገድ ዘጊው ወንበሩ ሳይሆን ሻንጣው ነው። አሠራሩን እንዲህ ገልጣችሁ ከዚያ እስከ ጥግ ግፉት።

ለቀረጻ ስትጓዙ ፓወር ባንክ ከእጅ ሻንጣ ውጭ አታድርጉ፤ ወደ ዕቃ ክፍል አይገባም። ያለ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሚሊአምፒር ሰዓቱን በ3.7 አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል፤ 20,000 የተጻፈበት 74 ይሆናል።

ድምፅ ቀራጭ

ለእነዚህ ማይኮች፦ መቀበያው ላይ «ሞኖ» የሚለውን ትታችሁ «ስቴሪዮ» ምረጡ፤ አንዱ ሰው በግራ፣ ሌላው በቀኝ ይቀረጻል። ተደራርባችሁ ስታወሩ ለያይቶ ማረም የሚቻለው እንዲያ ብቻ ነው። ማይኩ ከአገጭ 15–20 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል። መጠኑን እየሳቃችሁ ለኩ፤ የኮሜዲያን ሳቅ ከንግግሩ እጅግ ስለሚጮህ በንግግር የተለካ ቀረጻ ልክ ሳቁ ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል። ከፍተኛው ሳቅ በድምፅ መለኪያው ላይ −6 ዴሲቤልን አይለፍ። በ48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ጥራት የተቀረጸ ስቴሪዮ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ቦታ አስለቅቁ፣ ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉ፣ ሌላ ስልክ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ለመጠባበቂያ ይቅረጽ። መጀመሪያ ላይ አንዴ አጨብጭቡ፤ ሁለቱን ቀረጻ የምታገጣጥሙት በዚያ ነው።

ወግ ጠራቢ

እጅግ አመሰግናለሁ፤ «ለፈታሹ» የሚለውን ዛሬውኑ ስክሪፕቱ ላይ እየሠራሁበት ነው። አንድ ነገር ቀረኝ፦ እንግዳ ስንጋብዝ ከቀረጻ በኋላ «ይህን አውጡልኝ» ቢለንስ?

አርታኢዋ

ከቀረጻ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። የሚመከረው እንግዳው ከመለቀቁ በፊት ሙሉውን ሰምቶ እስከ ሁለት ቦታ እንዲያስወጣ መፍቀድ ነው፤ ቀነ ገደብ ይኑረው፣ ለምሳሌ 48 ሰዓት። የሚወጣው ከጥያቄው ጋር አብሮ ይውጣ። መልሱን አውጥታችሁ ጥያቄውን ካስቀራችሁ ቀጣዩ መልስ ለዚያ ጥያቄ የተሰጠ ይመስላል፤ እንግዳችሁን በገዛ እጃችሁ ንግግሩን አጣመማችሁበት ማለት ነው።